ከጂም መልስ፣ ማታ በ3 ሰዓት ተኩል

ኢንተርኔት ላይ በአንድ የውይይት ገጽ የቀረበ ጥያቄ ነው፦ ከጂም መልስ አምሽቶ እራት መብላት ያወፍራል ወይ? ጥያቄው የተነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጠያቂው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል፣ መሥሪያ ቤቱ ግን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፣ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፣ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ይዘጋጋል፣ ሰፈሩ ሲደርስ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ ቤቱ ሳይደርስ በቀጥታ ጂም ይገባል። ብረት ያነሳል፣ መብራት ካለ ትሬድሚል ላይ ይሮጣል። ቤቱ ሲገባ 3 ሰዓት፣ እራት ሲቀርብ 3 ሰዓት ተኩል። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ መተኛት አለበት፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ መልሶ ሰልፍ ይይዛላ።

ከመስከረም ወዲህ ከ92 ኪሎ ወደ 87 ወርዶ ነበር። ከዚያ ቆመ። የሥራ ባልደረባው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የተበላ ነገር ሁሉ ቦርጭ እንደሚሆን ነግሮ አስፈራራው። እሱም ለጥቂት ቀን ሳይበላ ተኛ። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ረሃብ ቀሰቀሰው። መብራት ሳያበራ ኩሽና ገባና ለቅዳሜ የተጋገረውን ድፎ ዳቦ በማር እያጠቀሰ ግማሹን ጨረሰው። ጥያቄው አጭር ናት፦ ይብላ ወይስ ይተኛ?

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተጻፉትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ረጅም ነው። መልሶቹን በየተራቸው በራሴ አነጋገር ላጫውታችሁ። አንዳንዱ ቁም ነገር ነው፣ አንዳንዱ ጨዋታ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጠብ።

መልስ 1 ቆራጥ ነው። ከ1 ሰዓት በኋላ ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀምስ ያዘዋል። ሰው ሲተኛ ሰውነቱ ሥራ ያቆማል፣ ምግቡም ሳይቃጠል ስብ ሆኖ ይቀመጣል ባይ ነው። ራሱ በዚህ መንገድ 10 ኪሎ እንደቀነሰም ይመሰክራል። ብዙ ላይክ ያገኘው ይሄኛው መልስ ነው። ቆራጥ ምክር መቼም ላይክ አያጣም።

መልስ 2 ወንድሜ ብሎ ይጀምርና በትህትና ያርመዋል። ሰው ቢተኛም ልቡ፣ ሳንባው፣ ጉበቱና አንጎሉ አይተኙም። እንዲያውም ሰውነት በቀን ከሚያቃጥለው ጉልበት አብዛኛው የሚሄደው ለእንዲህ ዓይነቱ በዕረፍትም ለማይቆም ሥራ ነው፤ ስፖርቱ የሚወስደው ከዚያ ያነሰውን ነው። ለክብደት የሚቆጠረው በቀኑ ውስጥ በድምሩ የገባውና የወጣው ነው። የመልስ 1 ሰውዬ 10 ኪሎም የሰዓቱ ተአምር ሳይሆን የእራቱ መቅረት ነው ብሎ ይገምታል። ከዚያ ጠያቂውን ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚበላ ዘርዝሮ እንዲጽፍ ጠየቀው። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ምርጡ ጥያቄ ይህ ነበር። ሌላው ሁሉ እራቱ ላይ ሲረባረብ ስለ ምሳው የጠየቀ እሱ ብቻ ነው።

መልስ 3 የራሱ የጠያቂው ነው። ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ አንድ ሻይ በቦንቦሊኖ። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከባልደረቦቹ ጋር የተካፈለው በየዓይነቱ፤ ወር መጨረሻ ላይ ደግሞ ቡና ብቻ። ከዚያ እስከ ማታ ምንም። ማታ ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ ከሽሮው በኋላ ዳቦ፣ ከዳቦው በኋላ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። ቅዳሜና እሑድ ጥብስና ቢራ እንዳለም በመጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል አደረጋት።

መልስ 4 የጻፈችው ነርስ ናት፤ ቦሌ አራብሳ ትኖራለች። ስትጽፍ አትቸኩልም። ከምሳው እስከ እራቱ ዘጠኝ ሰዓት እንዳለ፣ በመሃሉ ደግሞ የአንድ ሰዓት ብረት እንዳለ ቆጥራ አሳየችው። እንዲህ ርቦት ቤት የገባ ሰው እንጀራ ቆጥሮ አይበላም። በእሷ እምነት የልጁ ችግር የማታው 3 ሰዓት ተኩል ሳይሆን የቀኑ 10 ሰዓት ነው። ያኔ መክሰስ ቢጤ ቢቀምስ እራቱ ሳይታገል በራሱ ያንሳል። ምን ይቅመስ ለሚለውም ታክሲ ሰልፍ አጠገብ የሚሸጠውን ዘረዘረችለት፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ድንች በዳጣ፣ ለውዝ ያለበት ቆሎ። ቆሎው ላይ ግን ልጓም አበጀች። 100 ግራም ቆሎ ከ350 ካሎሪ ያልፋል፤ በሲኒ ተሰፍሮ እንጂ ከኪስ እየተዘገነ አይበላም። አንድ እንቁላል ግን ወደ 75 ካሎሪ ቢሆን ነው፣ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ሆድም ይይዛል። ሳምቡሳውን እንዲያልፈው ለምና ጨረሰች።

መልስ 5 ጥናት የሚያነብ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡ ሁለት ጥናቶች ይዞ መጣ። አንደኛው ቦስተን ላይ የተሠራ ነው። ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 16 ሰዎች ያንኑ ምግብ በዚያው መጠን አንዴ በጊዜ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ዘግይተው እንዲበሉ ተደረገ። ሲዘገዩ ረሃባቸው ጨመረ። መጥገብን ለአንጎል የሚነግረው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ቀነሰ። የሚያቃጥሉት ጉልበትም በመጠኑ ወረደ። ሁለተኛው ስኮትላንድ ውስጥ፣ አበርዲን ላይ የተሠራ ነው። 30 ሰዎች አራት ሳምንት ትልቁን ምግብ ጠዋት፣ ሌላ አራት ሳምንት ደግሞ ማታ በሉ። የቀነሱት ኪሎ ልዩነት አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት ጠግበው ሲበሉ ግን ቀኑን ሙሉ ረሃቡ ቀለል አላቸው። የመልስ 5 ድምዳሜ እንግዲህ ከሁለቱ ወገን መሃል ነው። ማታ መብላት ብቻውን አያወፍርም፣ ዋናውን ምግብ ሁልጊዜ ወደ ማታ መግፋት ግን ረሃብን ያባብሳል፤ የራበው ሰው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ይበላል። በነገራችን ላይ የነርሷም ምክር ያው ነው። እሷ በእንቁላል ተናገረችው እንጂ።

መልስ 6 ከጀሞ ነው፣ ምላሱም ስል ነው። 16 ሰው ጥናት ይባላል ወይ ሲል ተቆጣ፤ በእሱ ብሎክ ደረጃ ላይ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ሰው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ ምግቡ በሰዓቱ የሚቀርብላቸውን ሰዎች አጠኑ እንጂ ዝናብ እየመታው የታክሲ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አላጠኑም ይላል። ፈረንጅ የጻፈውን ሁሉ የሚያመልክ ትውልድ ነው ብሎም ጨመረበት። መልስ 7 የመልስ 5 ሰውዬ ራሱ ተመልሶ የጻፈው ነው፣ አሁን ትህትናው ቀንሷል። እንዲህ ዓይነት ጥናት ሰዎቹን አንድ ቦታ አስቀምጦ እንቅልፋቸውን፣ ብርሃኑንና እያንዳንዱን ጉርሻ የሚቆጣጠር ስለሆነ ብዙ ሰው ማስገባት አይቻልም፤ ጥቅሙም እዚያ ጥንቃቄው ላይ ነው። ታክሲ ወረፋ ላይ የሚደረግ ጥናት የሚያምረው ካለ ሰልፉ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ እንዲቆም መከረው። የጀሞው ሰውዬ የመሳቂያ ምልክት ብቻ ላከ። የታክሲው ነገር ግን እውነት አለው። የቦስተኑ ጥናት አራት ሰዓት ማዘግየትን እንደ ሙከራ ነው የያዘው። ከከተማ ዳር ለሚመላለስ ሰው ይህ ሙከራ ሳይሆን ኑሮው ነው።

መልስ 8 ክሩን ወደ ሌላ ቤት ወሰደችው። የካ አባዶ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ባሏ እንደ ጠያቂው ከሥራ መልስ ጂም ይሄዳል፣ 3 ሰዓት አልፎ ይገባል። ልጆቹ ጠዋት ትምህርት ቤት ስላለባቸው 1 ሰዓት ተኩል ላይ መብላት አለባቸው። ትንሹ ካላጎረሱት አይበላም። ስለዚህ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለራሷ እያለች አብራቸው ትበላለች። ከሳህናቸው የተረፈውን መድፋት ነውር ነውና ትጨርሰዋለች። 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ወጡን መልሳ ታሞቃለች፣ እንጀራ ታወጣለች፣ ባሏ ጎን ትቀመጣለች። ብቻውን መብላት አይወድም። እሷም ብቻውን ሲበላ ማየት አትወድም። ማዕድ ቀርቦ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ደግሞ የኩርፊያ ምልክት ነው። አንድ ጉርሻ ትቀበላለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛውን ትቀበላለች። ሦስተኛውን ራሷ ትጠቀልላለች። በዚህ ሁኔታ ባሏ አዲስ የቀበቶ ቀዳዳ ሲበሳ፣ ለእሷ የሠርጓ ሰሞን ቀሚሶች ሁሉ አልገባ አሏት። ጂም የሚሄደው አንድ ሰው ነው፣ የማታውን እራት የሚበሉት ግን ሁለት ናቸው። ይህን ማን ይቆጥራል ብላ ነው የጠየቀችው።

እዚህ ላይ ክሩ ለጥቂት ጊዜ የጠያቂውን ኪሎ ረሳ። መልስ 9 ሌላ ሴት ናት፤ ልክ የእኔን ኑሮ ጻፍሽው ብላ ተቀበለቻት፣ እሷ ግን መላ አግኝታለች። ከባሏ ጋር የምትቀመጠው ሻይዋን ያለ ስኳር ይዛ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፎ ነበር፣ አሁን ለምዷል። መልስ 10 አንድ ወንድ ነው። ጉዳዩ የስፖርት መሆኑን፣ የትዳር ምክር የሚፈልግ ሌላ ቦታ መሄድ እንዳለበት በሁለት መስመር ጻፈ። እነዚያ ሁለት መስመሮች ብዙ ሰው አስነሱበት። መልስ 11 በተለይ አልማረችውም። ወጡን ማን እንደሠራው፣ ሳህኑን ማን እንደሚያጥበው፣ በሌሊት ተነስቶ ምሳ ዕቃውን ማን እንደሚቋጥርለት አንድ በአንድ ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም። እኔም ለእሱ የምጨምርለት ነገር የለኝም። የየካ አባዶዋ ሴት ጥያቄ ግን ከጠያቂው ጥያቄ ይከብዳል። የእሱ ችግር በሁለት እንቁላል ይቃለላል። የእሷን ለማቃለል የቤቱ ሰው ሁሉ መነጋገር አለበት።

መልስ 12 ሲመጣ የሁሉም ድምፅ ዝቅ አለ። የጻፉት ለገጣፎ የሚኖሩ ጡረተኛ አባት ናቸው። ስኳር አለባቸው። ሐኪም እንቅስቃሴ አዘዘላቸውና ማምሻውን ከሰፈሩ ወጣ ብለው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ማታ አትብሉ ሲል ሰምተው አንድ ምሽት መድኃኒታቸውን ውጠው፣ እንደልማዳቸው ተራምደው፣ እራት ሳይበሉ ተኙ። ሌሊት ላብ አጥምቋቸው ነቁ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገሩት አይያያዝም። ልጃቸው ደርሳ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ አጠጣቻቸው። ልጆቼ፣ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ምክር አትስጡ ብለው ነው የጻፉት።

መልስ 13 ነርሷ ናት፣ ወዲያው ደረሰችላቸው። ጋሼ እያለች በአክብሮት ጻፈች። እንቅስቃሴ ያደረገ ጡንቻ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ ድረስ ከደም ውስጥ ስኳር እየሳበ ይቆያል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው በዚያ ላይ ሳይበላ ከተኛ ስኳሩ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን እምብዛም አያደርግም። ስለዚህ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስዱ ለይተው ከሐኪማቸው ጋር የእራቱንም የእርምጃውንም ሰዓት እንዲያስተካክሉ፣ ከመተኛታቸው በፊት እንዲለኩ፣ ራስጌያቸው ስኳር ወይም ከረሜላ እንዳይጠፋ ነገረቻቸው። አባት መረቋት። በየሰፈሩ ከ1 ሰዓት በኋላ እንዳትበሉ እያልን የምናዝ ሰዎች ይህችን መልስ ደግመን ብናነባት አይከፋም።

መልስ 14 ነጋዴ ነው። የጂም ዱቄት ይሸጣል። ከመተኛት በፊት ኬዚን የሚባለውን ፕሮቲን መውሰድ ጡንቻ እንደሚጠግን ጻፈ፣ ስልክ ቁጥሩንም አስከተለ። አድሚኑ ቁጥሩን አጠፋው። የሚገርመው ግን የተናገረው መሠረት የሌለው አይደለም። ሆላንድ ውስጥ ማስትሪክት ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ነበር። ማታ ብረት ያነሱ ወጣቶች ሊተኙ ሲሉ 40 ግራም ኬዚን ሲጠጡ ጡንቻቸው ሌሊቱን ይበልጥ ሲገነባ ታይቷል። ይህን ያስታወሰው መልስ 15 ነው። ሱሉልታ ይኖራል። ከዚያ የነጋዴውን ገበያ የሚዘጋ ነገር አመጣ። ኬዚን ማለት እኮ የወተት ፕሮቲን ነው፣ አይብ ውስጥ ያለውም እሱው ነው። የሱሉልታና የሰንዳፋ ሴቶች በቅል ወተት ሲንጡ፣ አሬራውን አሙቀው አይብ ሲያወጡ ኖረዋል። ጎመን በአይብ የቀረበለት ሰው ዱቄት ፍለጋ ከተማ መውረድ አይጠበቅበትም። ነጋዴው 40 ግራሙን ለማግኘት ስንት ሳህን አይብ እንደሚያስፈልግ ጠይቆ ሊያፋጥጠው ሞከረ። የሱሉልታው ሰውዬ ጥናቱን የሚከተል ይከተል፣ እሱ ግን በአንድ ሳህን እንደሚበቃው መለሰ።

መልስ 16 የእንቁላል ዋጋ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። ይህችን ጥያቄ መጠየቅ አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት መልሶች የእንቁላል፣ የዘይትና የሽንኩርት ምሬት ናቸው። አንዷ በረንዳዋ ላይ ዶሮ ማርባት ጀምራ ከኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ጋር መጣላቷን ተረከች። ኮሚቴው የከሰሰው አውራ ዶሮውን ነው አሉ።

መልስ 20 ሰውን ወደ ጉዳዩ መለሰ፣ በጾም በኩል ግን። ዐቢይ ጾምን ሙሉውን 55 ቀን ይጾማል፣ እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም፣ ማታ ግን ከጂም አይቀርም። በጾም ወራት ፕሮቲኑን ከየት እንደሚያመጣ ጨነቀው። መልስ 21 ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ሱፉና ለውዙ ምን ሆነና ብላ ገረማት። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዳለው አስታወሰች። የጾም ሰው የሚወፍረው ከሥጋ ስለራቀ ሳይሆን በጾም ወጥ ላይ ዘይቱ ስለሚበዛ ነው ብላም ወቀሰች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የሽሮ ድስት ላይ ደግሞ ዘይት በማንኪያ የሚለካ ሰው አላየችም፤ ከጠርሙሱ ነው የሚንቆረቆረው። ጠያቂው በአንድ እንጀራ ቢወሰንና ሽሮው ላይ የሚፈሰው ዘይት በግማሽ ቢቀንስ፣ ከትሬድሚሉ በላይ እንደሚጠቅመው አስልታ አሳየችው። 87 ኪሎ የሆነ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው ወደ 87 ካሎሪ ነው። ሦስት ማንኪያ ዘይት ለማውጣት ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ ሊኖርበት ነው።

መልስ 22 የፉሪ ልጅ ነው፣ ሙስሊም። እንደሱ አባባል ይህ ሁሉ ክርክር በየዓመቱ ረመዳን ላይ በተግባር ይፈተናል። አንድ ወር ሙሉ የሚበላው ከመግሪብ በኋላ ነው። ማታ መብላት ብቻውን የሚያወፍር ቢሆን ኖሮ ለዒድ ሁሉም ሰው ወፍሮ ይወጣ ነበር። በእሱ ቤት ግን ታላቅ ወንድሙ ይከሳል፣ እሱ ይወፍራል። ወንድሙ በተምርና በሾርባ አፍጥሮ ይሰግዳል፣ ቆይቶ በልክ ይበላል። እሱ ግን ከሳምቡሳው ሳህን አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሰዓቱ አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ሰሃኑ ግን ለየብቻ። ይህን መልስ ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ማንንም አላጣላም።

መልስ 23 ስለ ኪሎ አልጻፈም። ስለ ቃር ነው የጻፈው። ጨጓራ አለበት። በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ ወዲያው ጋደም ሲል አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ ደረቱን ያቃጥለዋል። ሐኪሙ በእራትና በእንቅልፍ መሃል ሁለት ሦስት ሰዓት እንዲተው ነግሮታል። ጠያቂው 3 ሰዓት ተኩል በልቶ 4 ሰዓት ተኩል ሲተኛ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚተወው። ቃር ካለበት ወይ እራቱን ያቅልል፣ ወይ ራስጌውን ከፍ አድርጎ በግራ ጎኑ ይተኛ። ለእኔ ስለ ሰዓት ከቀረበው ክርክር ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ሌላው ቢቀር ሆድና ጉሮሮ ሰዓት ያውቃሉ።

መልስ 24 ሚዛንን የተመለከተ ነው። ጠያቂው ቀደም ብሎ መሃል ላይ ባስገባት አንዲት መስመር፣ አምሽቶ በበላ ማግሥት ሚዛኑ አንድ ኪሎ እንደሚጨምርበት ጠቅሶ ነበር። ሌላው ሰው አልፏት ሄደ፣ ይሄኛው ያዛት። አንድ ኪሎ ስብ በአንድ እራት አይመጣም። ለዚያ ከሚያስፈልገው በላይ ወደ 7,700 ካሎሪ መብላት አለበት። የጨመረው ገና ያልወጣው ምግብ፣ ጨው የያዘው ውሃ፣ እና ሰውነት ከእንጀራው ያጠራቀመው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ነው፤ ያ የተጠራቀመ አንድ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። መመዘን ካለበት ጠዋት ሽንት ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ ይመዘን፣ የሳምንቱን አማካይ ይያዝ፣ የአንዲት ጠዋትን ቁጥር አይመን። ጠያቂው ሌሊት ወደ ድፎ ዳቦው የሄደው፣ ከባልደረባው ማስፈራሪያ በላይ ይህችንም ቁጥር አይቶ ራሱን እራት ስለከለከለ መሆኑ ነው እንግዲህ።

መልስ 25 ነገሩን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊዘጋው ፈለገ፦ ጠዋት ይሥራ። ሯጮቻችን እንጦጦ ላይ፣ ሱሉልታና ሰንዳፋ ላይ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚሮጡት፣ ማታ በጊዜ በልተው ይተኛሉ። መልስ 26 አበበ ቢቂላስ ብሎ ተነሳበት፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ማታ በችቦ ብርሃን ነው። መልስ 27 ደግሞ ውድድሩ የተጀመረው አመሻሽ ላይ መሆኑን፣ የጨለመው እየሮጡ ሳሉ መሆኑን፣ ሰዓቱም 2:15:16 እንደነበር አስተካከለ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ቶኪዮው ማራቶን ጀመሩ። ጠያቂው ተረሳ።

መልስ 28 ሴት ናት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የጠያቂው ጎረቤት ሳትሆን አትቀርም። ተናዳለች። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ አካባቢ ብቻዋን እንድትሮጥ የሚመክራት ሰው አንዴ ይሞክረው ትላለች። ውሻው በመንጋ ነው፣ አንዳንድ ቀን ጅብም ይታያል፣ የመንገድ መብራቱ አንዱ ከበራ ሁለቱ ጠፍቷል። ማታም ያው ነው። ለእሷ ጥያቄው ከጂም በኋላ ምን ትብላ ሳይሆን ከጂም በኋላ ቤቷ እንዴት ትድረስ ነው። ስለዚህ ጂሙን ትታ ሳሎኗ ውስጥ ገመድ ትዘላለች። ከሥር ያሉት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን ይመታሉ። ሦስት ጊዜ ሲመቱ ታቆማለች። እራቷን 2 ሰዓት ላይ ትበላለች፣ ከጠያቂው ቀድማ። መልስ 29 መጥረጊያ የሚመቱት ጎረቤት ትክክል ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ እሱም ከዘላይ ሥር ነው የሚኖረው። በዚህ ላይ ሌላ አምስት መልስ አለ። አለፍኩት።

መልስ 35 ላይ ጠያቂው ብቅ አለ። ጂሙን አልተወም፣ ሰዓቱንም አልቀየረም። ሚስቱ ጠዋት ምሳ ዕቃው ውስጥ ሁለት እንቁላል ቀቅላ ትከትለታለች። 11 ተኩል አልፎ ሰልፍ ላይ ሲቆም ቀርፎ ይበላል። ልጣጩን የሚጥልበት አጥቶ መልሶ ምሳ ዕቃው ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከኋላው የቆሙት ሰዎች መጀመሪያ ሰሞን ያዩት ነበር፣ አሁን አንድ ሰው ጨው ይዞ መምጣት ጀምሯል። ማታ አንድ እንጀራ ይበቃዋል። ዳቦው ቀርቷል፣ ሻዩ ላይ ያለው ስኳር ቀንሷል። ቢራው ግን አልቀረም። ሌሊት መንቃቱን አቁሟል። ሚዛኑን በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚወጣው፣ 86 ላይ ነው። ሚስቱም በየካ አባዶዋ ሴት መልስ ምክንያት ሁለተኛ እራት መብላት እንዳቆመች፣ አሁን እሱ ሲበላ አጠገቡ ቁጭ ብላ የልጆቹን ደብተር እንደምታርም ጻፈ። የመልስ 1 ሰውዬ እንኳን ደስ አለህ አለውና ከ1 ሰዓት በኋላ ባይበላ ኖሮ 80 ይገባ እንደነበር አስታወሰው።

መልስ 37 አዲስ ሰው ነው፣ ክሩን ያነበበም አይመስልም። ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ሻወሩ ሙቅ ውሃ ያለው ጂም የት እንዳለ ጠየቀ። ጠያቂው ሙቁ ይቅርና ቀዝቃዛውም በፈረቃ እንደሆነ ነገረው። የእነሱ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ነው።